ከደሴ ኮምቦልቻ በካርቶን ሚኒባስ

ሥራ የጀመርኩት ኮምቦልቻ ነው። ርዕሰ መምህሩ አንድ ነጭ ጋውን፣ አንድ ፓኮ ጠመኔና ዳስተር ሰጡኝና "ሰባተኛ ቢ ነሽ፤ እንግሊዝኛ። በርቺ" ብለው በእጃቸው ክፍሉን አመለከቱኝ። ጋውኑን ከእኔ በፊት የለበሰው ረጅም ሰው መሆን አለበት፤ እጅጌውን ጠቅልዬ ጠቅልዬ ነው የገባሁት።

ገና በሩን ስገፋው ክፍሉ ግር ብሎ ተነሳ። "ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር! ሃው አር ዩ ቲቸር!" አሉ እየዘመሩ። ደስ አለኝ። ስማቸውን ልወቅ ብዬ ፊት ለፊቴ የቆመውን ልጅ "ኋት ኢዝ ዩር ኔም?" አልኩት። ክፍሉ ሁሉ በአንድ ድምፅ "ኋት ኢዝ ዩር ኔም!" ብሎ መለሰልኝ። ደግሜ ጠየቅኩ። ደግመው መለሱ፤ አሁንማ ዜማውንም አሳምረው። ግራ ሲገባኝ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያሳየሁ ዛሬ ፀሐይ መውጣቷን በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። "ዊ አር ፋይን፣ ታንክ ዩ ቲቸር!" አሉኝ።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እኔ ስስቅ እነሱም ሳቁ። ልጆቹ እንግሊዝኛውን በቃላቸው ይዘውታል፤ ግን ለማንም ሰው ምንም ነገር ብለውበት አያውቁም።

በእረፍት ሰዓት የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተጠሪው መምህር አበጋዝ ሥራውን አስረዱኝ። "መጽሐፉን እስከ ግንቦት ጨርሺ። ከዚያ ክለሳ ነው" አሉኝ።

"ክለሳው እንዴት ነው የሚሠራው?"

"ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ሰሌዳ ላይ ትጽፊያለሽ። እነሱ ይገለብጣሉ። መልሱን ትነግሪያቸዋለሽ።"

"ካልገባቸውስ?"

"ደግመሽ ትጽፊያለሽ።"

መምህር አበጋዝ ክፉ ሰው አልነበሩም። እሳቸውም የተማሩት እንደዚያ ነው። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያው አደረግኩ። ጋውኔ በጠመኔ ብናኝ ተሸፍኖ፣ ልጆቹ እየገለበጡ፣ ከኋላ ወንበር ያሉት ደግሞ ክንዳቸው ላይ ጋደም ብለው እያንቀላፉ ግንቦትና ሰኔ ያልፋሉ።

በደረጃ ዕድገቱ መሰላል ከጀማሪ መምህርነት ተነስቼ ከፍተኛ መምህር ስሆን ዝውውር ጠይቄ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። ቤቴን ግን ከኮምቦልቻ አላነሳሁም፤ ባለቤቴም ልጆቼም እዚያው ናቸው። ስለዚህ በየጠዋቱ በሚኒባስ ሽቅብ እወጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ቁልቁል እወርዳለሁ። ከኮምቦልቻ በስስ ሻርፕ የተነሳች ሴት ደሴ ስትደርስ ካፖርት ያምራታል። በዚያ መንገድ ላይ ስንቱን ፈተና አርሜያለሁ፤ ሀረጎ ላይ ጠመዝማዛው ሲጀምር ግን እስክሪብቶዬን ከድኜ እቀመጣለሁ፤ አለዚያ የልጁ ውጤት ስድስት ይሁን ዜሮ አይለይም።

አሁን የምናገረው ስለ አንድ የስምንተኛ ክፍል ነው። ትምህርት ለወራት ተቋርጦ የተከፈተበት ጊዜ ነበር። መጽሐፍ ለሦስት ለአራት ይታያል። ልጆቹ የክልሉ ፈተና ሲነሳ ፊታቸው ይለወጣል፤ የጎደለውን ማን እንደሚሞላላቸው አያውቁም። እኔም አላውቅም ነበር።

እንደ ልማዴ ክለሳውን በሰሌዳ ጀመርኩ። ያን ቀን ርዕሱ ፕረዘንት ፐርፌክት ነው፤ ነገሩ አልፎ ውጤቱ አሁን ፊታችን ላይ ሲታይ የምንናገርበት የግሥ ዓይነት። ሐያት የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ የማትፈራ ልጅ ናት።

"ቲቸር፣ 'ዌንት' እያለ ይሄ 'ሃዝ ጎን' ምን ይሠራልናል? ያም ሄደ፣ ይሄም ሄደ።"

አስረዳኋት። ሰሌዳው ላይ መስመር ሳልኩ፤ ትናንትን በግራ፣ ዛሬን በቀኝ አደረግኩ። ሐያት አንገቷን ነቀነቀች፤ ግን የነቀነቀችው ለእኔ አዝና እንደሆነ ያስታውቃል።

ሰኞ ጠዋት አርፍዳ ገባች። ቅዳሜና እሑድን ኮምቦልቻ አክስቷ ዘንድ ነበረች፤ አባቷ ሚኒባስ ነጂ ስለሆነ ጠዋት ይዟት እየወጣ ነው የዘገዩት። "ለምን አረፈድሽ?" ስላት "ቲቸር፣ ከኋላ አንዲት እማማ ነበሩ" ብላ ጀመረች።

እማማ ጆሯቸው አይሰማም። አባቷ ከፊት በተናገረ ቁጥር "ምን አለ?" ይላሉ። አጠገባቸው የተቀመጠ ሰውዬ ያስተላልፍላቸዋል። "ቀበቶ እሰሩ ነው የሚለው።" እማማ ደንግጠው "ማንን ነው የሚያስሩት? ያ ረቢ! ልጁ ምን አደረገ?" ሰውዬው "ኧረ ማንም አይታሰርም፣ ቀበቶ ነው!" እማማ "ሌባ ነው? ታዲያ ይታሰራ!" ተሳፋሪው ሁሉ በሳቅ ሲንፈራፈር መኪናው ዳር ይዞ ቆመ።

ሐያት የሁሉንም ድምፅ ለየብቻ ታወጣለች፤ የእማማን፣ የሰውዬውን፣ የአባቷን። ከኋላ የሚያንቀላፉት ልጆች ቀና አሉ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ስስቅ ግን አንድ ነገር ታየኝ። ያ ሰውዬ ለእማማ ሲሠራ የነበረው ሥራ የመጽሐፋችን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነው፤ ሌላ ሰው የተናገረውን መልሶ መናገር። ልጆቼ በፈተና ወረቀት ላይ የሚፈሩት "ሂ ሴድ ዛት" ማለት ይኸው ነው።

"ሐያት" አልኳት፣ "ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ብታወሪው ምን ትያለሽ?"

"አልችልም ቲቸር።"

"ሁላችሁም ብትረዷትስ?"

ዳውድ የሚባል ልጅ፣ የክፍሉ ቀልደኛ፣ ከኋላ ተነስቶ "እማማን ለእኔ ስጡኝ!" አለ። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ።

ያን ቀን ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ መንገዱን እንደ አዲስ አየሁት። መናኸሪያው ላይ ሰው ይጠይቃል፣ ይለምናል፣ ቦታ ይከራከራል፤ ይህ የጥያቄና የትሕትና አነጋገር ምዕራፍ ነው። ሀረጎ ላይ "ካልያዝክ ትወድቃለህ፣ ከዘነበ መንገዱ ያንሸራትታል" ይባላል፤ ይህ የ"ኢፍ" ምዕራፍ ነው። ጎማ ቢፈነዳ እያንዳንዱ ተሳፋሪ በዚያ ሰዓት ምን ሲያደርግ እንደነበረ ይናገራል፤ ያለፈ ጊዜ። ኮምቦልቻ ሲደረስ ሁሉም ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ያወራል፤ የወደፊት ጊዜ። ዓመቱን ሙሉ ያስተማርኩት ሁሉ በዚያች መንገድ ላይ ተደርድሯል።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ አቶ ጌታነህ ቢሮ ገባሁ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ጡረታቸውም ቀርቧል። ዕቅዱን ነገርኳቸው፤ ስምንተኛ ክፍል ክለሳውን በሚኒባስ ጉዞ መልክ ያዘጋጃል፣ በመጨረሻም በአንድ ቅዳሜ ወላጆች ተሳፋሪ ሆነው ይመጣሉ።

መነጽራቸውን አወለቁ። "ሰዓዳ፣ ፈተናው በር ላይ ነው። በካርቶን ልትጫወቱ ነው?"

"ጨዋታ አይደለም ጋሽ ጌታነህ። ክለሳ ነው።"

"ስሙ ክለሳ ነው። ወላጅ መጥቶ ሲያይ ግን ጨዋታ ነው የሚያየው። የእነዚህ ልጆች ዓመት እንዴት እንዳለፈ ታውቂያለሽ። ውጤታቸው ከወረደ የሥራ አፈጻጸምሽ ላይ ነው የሚጻፈው፤ እኔም አላተርፍሽም።"

"ይጻፍ።"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ግማሹን ፈቀዱልኝ። የሳምንቱ ክፍለ ጊዜ ገሚሱ እንደ ድሮው በፈተና ወረቀት ይሆናል፣ ገሚሱ በሚኒባሱ። "ቅዳሜውን ደግሞ የጉድኝት ሱፐርቫይዘሯን እጠራለሁ። እሷ ትፍረድ" አሉ። የአካባቢያችንን ትምህርት ቤቶች እየዞረች የምትከታተለው እሷ ናት። ቀላል ሴት አይደለችም።

ክፍሉን በአራት ቡድን ከፈልኩት፤ መናኸሪያ፣ ሀረጎ፣ ጎማ፣ ኮምቦልቻ። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ምዕራፍ ከመጽሐፉ አንብቦ፣ ዐረፍተ ነገሮቹን መርጦ፣ የራሱን ክፍል ጽፎ ያመጣል። እኔ አርማለሁ እንጂ አልጽፍም። ሕጉ አንድ ነው፤ ሚኒባሱ ውስጥ በአማርኛ የተናገረ ይወርዳል።

መጀመሪያ ሚኒባሱ አራት አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበር። ዳውድ መውረድ አበዛ። ሁልጊዜ ሀረጎ ላይ ሲደርሱ ይረሳና "ወይኔ!" ይላል፤ ክፍሉ ሁሉ "ጌት ኦፍ!" ብሎ ይጮኽበታል። ይወርድና ሰሌዳው ሥር ቆሞ መኪናው ሲሄድ በእጁ ይሸኛል። በዚህ የተነሳ ስሙ ሀረጎ ሆነ፤ እስከዛሬ ሰፈር ውስጥ እንደዚያ የሚጠሩት አሉ።

ምንተስኖት የሚባል ልጅ ደግሞ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አፉን ሲከፍት ሰምቼው አላውቅም። እጁ ግን አይቀመጥም፤ ከሽቦ ጎማ ይሠራል፣ ከእስክሪብቶ ቀፎ ፊሽካ ይሠራል። አንድ ቀን ክፍል ስገባ ከየሱቁ የለቀመውን የብስኩትና የሳሙና ካርቶን ግድግዳ ላይ ደግፎት አገኘሁ። የሚኒባሱን አካል ሊሠራ ነው።

መቀሱን፣ ፕላስተሩንና ማርከሩን ሰብስቤ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። የፈለገ በትክክለኛ ዐረፍተ ነገር ይጠይቀኛል።

"ቲቸር፣ መቀስ" አለ ምንተስኖት።

"አልሰማሁም።"

"ሲዘርስ።"

"ሲዘርስ ምን ሆነ?"

ካርቶኑን አየ። እኔን አየ። ካርቶኑ እስኪቆረጥ ቸኩሏል። ከንፈሩን ሁለት ሦስት ጊዜ አንቀሳቀሰና "ኩድ ዩ ፓስ ሚ ዘ ሲዘርስ፣ ፕሊስ?" አለ። ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ስንቴ እንደሚጠይቀኝ! ፕላስተር፣ ገመድ፣ ሰማያዊ ማርከር፣ እርዳታ። ቡድኑ ውስጥ ያሉትም ከእሱ እየሰሙ ይጠይቁኝ ጀመር። ነጭና ሰማያዊ ሚኒባስ ተሠራ፤ መስኮት፣ ታርጋ፣ ከላይ የዕቃ መጫኛ፣ ከኋላው ደግሞ በእንግሊዝኛ "እባክዎ ርቀትዎን ይጠብቁ" የሚል ጽሑፍ።

ሹፌሯ ሐያት ሆነች። በድምፅ ብልጫ ተመረጠች።

በዚህ መሃል አንድ ረቡዕ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ሆኜ ደብተር ሳርም በሩ ላይ አንድ ሰው ቆመ። ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ በፀሐይ የከሰለ፣ የመኪና ቁልፍ በጣቱ ላይ የሚያሽከረክር። "አሰላሙ ዐለይኩም። የሐያት አባት ነኝ፤ ሰይድ" አለ።

"ወዐለይኩሙ ሰላም። ይቀመጡ አቶ ሰይድ።"

አልተቀመጠም። "መምህርት፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ክፉ ልናገር አልመጣሁም። ልጄ ግን ቤት ውስጥ የድስት ክዳን ይዛ መሪ ታዞራለች። ምንድን ነው ስላት ትምህርት ነው ትለኛለች። ወላሂ፣ ሆዴ አረረ።"

"ክለሳ እኮ ነው—"

"ይስሙኝማ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። በሌሊት ተነስቼ ተራ የምይዘው፣ ሀረጎን በጭጋግ የምወርደው እሷ ይህን መሪ እንዳትይዘው ብዬ ነው። ትምህርት ቤት ልኬያት ደግሞ ሹፌር ሆና ትመለስልኝ?"

ሰውዬው እውነቱን ነው። እኔም የልጆች እናት ነኝ። የነበረኝን ብቻ ነገርኩት። "አቶ ሰይድ፣ ቅዳሜ ይምጡና ይሳፈሩ። አይተው ካልወደዱት ሰኞ ሐያትን ከሹፌርነቱ አወርዳታለሁ።"

"ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ሥራ አለኝ።"

"ልጅዎ ግን ትጠብቅዎታለች።"

ቁልፉን ጨብጦ "ኢንሻ አላህ" ብሎ ወጣ። ኢንሻ አላህ ሲባል እንደ አባባሉ ነው፤ የእሱ የሚመጣ ሰው አባባል አልመሰለኝም። ሐያት አባቷ መምጣቱን ከመስኮት አይታ ኖሯል። በልምምዱም ላይ ፕረዘንት ፐርፌክቱን ደጋግማ ሳተች፤ "ዊ ሃቭ አራይቭድ" ማለት ያለባትን "ዊ አራይቭ" ትላለች። አረምኳት። መልሳ ሳተች። ተውኳት።

ቅዳሜ ደረሰ። ሚኒባሱን ተሸክመን ሜዳው መሃል አቆምነው። ሰማዩ ገና ከጠዋቱ ጦሳ ተራራ ላይ ጠቁሯል፤ ልጆቹ ግን አዳራሽ ውስጥ ይሁን ስላቸው "መኪና አዳራሽ ውስጥ አይሄድም" ብለው እምቢ አሉኝ። ወላጆች መጡ። ነጠላ የለበሱ፣ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ከሱቅ በቀጥታ የመጡ፣ ሕፃን ያዘሉ። አቶ ጌታነህ ከረቫታ አድርገዋል። ሱፐርቫይዘሯ ከጎናቸው ቆማ ሰዓቷን ታያለች።

ሁሉም ወንበር ሊሞላ ሲል አቶ ሰይድ በበሩ ገባ። የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከቶታል። "ተራዬን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ነው የመጣሁት" አለኝና፣ ልጁን ሳያያት በሹፌሯ ትክክል ኋላ ተቀመጠ።

ጉዞው ተጀመረ። የመናኸሪያ ቡድን ወላጆቹን በእንግሊዝኛ እየለመነ፣ እየተከራከረ አሳፈራቸው። ሰዉ ቋንቋው ባይገባውም ነገሩ ይገባዋል፤ መናኸሪያን የማያውቅ ማን አለ? ዳውድ የእናቱን ሻሽ አስሮ፣ እጁን ጆሮው ላይ ጭኖ "ኋት ዲድ ሂ ሴይ?" ሲል ከወላጆቹ መሃል አንዲት እውነተኛ እማማ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

እኔ የማየው ግን አቶ ሰይድን ነው። ሐያት ሀረጎን መውረድ ስትጀምር ቀኝ እግሩ ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ መሪውን ባጠፈች ቁጥር እሱ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። አጠገቡ የተቀመጡት አቶ ጌታነህም አይተውት እሳቸውም መርገጥ ጀመሩ።

የሀረጎ ቡድን "ኢፍ ኢት ሬይንስ፣ ዘ ሮድ ዊል ቢ ስሊፐሪ" ሲል ዝናቡ ወረደ።

የደሴን የሰኔ ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አያስጠነቅቅም። ጣሪያው መጀመሪያ ጎበጠ። ቀጥሎ የቀኙ መስኮት እንደ ረጠበ እንጀራ ወርዶ የአንድ አባት ጭን ላይ ተኛ። ሰማያዊው ቀለም በነጩ ላይ ፈሰሰ። ምንተስኖት ሮጦ ጣሪያውን በሁለት እጁ ደገፈ፤ ክርኑ ድረስ ሰማያዊ ሆነ። ታርጋው ወደቀ። አንዳንድ ወላጆች ለመነሳት ተንቀሳቀሱ። ሱፐርቫይዘሯ ቦርሳዋን ራሷ ላይ አደረገች። እኔ በልቤ አለቀ አልኩ። ልጆቹ በጽሑፋቸው ላይ ዝናብን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንጂ በእውነት አላዘጋጁትም።

ሐያት መሪዋን እንደያዘች ቀኝና ግራ አየች። አባቷን አየች። ከዚያ ተነሳች፤ ማንም ያልጻፈላትን ነገር በሙሉ ድምፅ ተናገረች።

"ሌዲስ ኤንድ ጀንትልሜን! አወር ካር ሃዝ ሜልትድ! ፕሊስ ጌት አውት ኤንድ ፑሽ!"

መኪናችን ቀልጧል። ሃዝ ሜልትድ። በሰሌዳ ላይ በመስመር ላስረዳት ያልቻልኩትን ዝናቡ አስረዳት፤ ነገሩ ሆኗል፣ ውጤቱም ይኸው እላያችን ላይ እየወረደ ነው። እኔ ዝናቡ መሃል ቆሜ አጨበጨብኩ።

አቶ ሰይድ አልገባውም። ወደ ዳውድ ዞሮ "ምን አለች ልጄ?" አለው። ዳውድ አማርኛ ከተናገረ ይወርዳል። ሻሹ በዝናብ ዓይኑ ላይ ወርዶ፣ ፍጹም በትሕትና "ሺ ሴድ ዛት ዘ ካር ሃድ ሜልትድ፣ ሰር" አለው፤ ግሡንም በሕጉ መሠረት አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መልሶ። ቀጥሎ በሁለት እጁ የመግፋት ምልክት አሳየው።

አቶ ሰይድ ብድግ አለ። ወርዶ የወንበሩን ጫፍ ያዘና "በሉ ያ ጀማዓ፣ ግፉ!" አለ። ክፍሉ በሙሉ "ጌት ኦፍ!" ብሎ ጮኸበት። ወርዷል እኮ አስቀድሞ! ሳቁ ዝናቡን አስረሳ። አቶ ጌታነህ ከረቫታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ገፉ። ነጠላ የለበሰችውም፣ ሽርጥ ያገለደመውም ገፋ። ሱፐርቫይዘሯ ቦርሳዋን ለአንዲት ልጅ አስይዛ የመጨረሻውን ወንበር ገፋች። ሐያት ከፊት ሆና እየመራች፣ "ሌፍት! ራይት! ቢ ኬርፉል፣ ዜር ኢዝ ኤ ሆል!" እያለች፣ አራት አግዳሚ ወንበር በጭቃው ሜዳ ተሻግሮ አዳራሽ ገባ።

የጎማና የኮምቦልቻ ቡድኖች የነበራቸውን ጽሑፍ ዝናቡ አጥቦት ስለነበር የቀረውን ጉዞ ሁሉ ከራሳቸው ተናገሩ። ስሕተት ሞልቶታል። ግን የሚያወሩት ስላጋጠማቸው ነገር ነበር፤ ስለ ረጠበው ጫማ፣ ስለ ቀለጠው መስኮት፣ ስለሚገፋው ርዕሰ መምህር። "ዊ ሃቭ አራይቭድ!" አለች ሐያት በመጨረሻ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ሱፐርቫይዘሯ እጇን እየጠረገች ወደ ምንተስኖት ሄደች። ሰማያዊ ክንዱን እያየች በእንግሊዝኛ መኪናውን ለምን በካርቶን እንደሠራው ጠየቀችው። ይህ ልጅ ከካርቶኑ በፊት አፉን ሲከፍት ያልሰማሁት ልጅ ነው።

"ቢኮዝ አይረን ኢዝ ኤክስፐንሲቭ፣ ማዳም" አላት።

ብረት ውድ ስለሆነ። ሴትዮዋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ግድግዳ ተደገፈች። ሲያልፍላት ለአቶ ጌታነህ "ይህ በሌሎቹም ትምህርት ቤቶች ይታይ" አለቻቸው። አቶ ጌታነህ ከረቫታቸውን ጨመቅ አድርገው ካስተካከሉ በኋላ "መጀመሪያውንም አምኜበት ነው የፈቀድኩት" አሉ። አልተከራከርኳቸውም።

አቶ ሰይድ ከመውጣቱ በፊት መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። "መምህርት፣ ወላሂ እንዲህ አልመሰለኝም። ይሄን ሁሉ ሰው በፈረንጅ አፍ አዘዘችው እኮ! እኔን ጭምር! ማሻ አላህ!"

"ታዲያ ሰኞ ላውርዳት?"

"ኧረ በአላህ! ተዪያት" አለ፤ በደስታው "እርስዎ" ማለቱንም ረስቶት። ሄድ ካለ በኋላ ተመልሶ ጣቱን አነሳ። "አንድ ነገር ብቻ ይንገሩልኝ። ሀረጎ ላይ ፈጥናለች።"

ፈተናው ደረሰ። ዳውድ ከፈተናው አዳራሽ ሲወጣ "ቲቸር፣ ስለ ሚኒባስ አንድም ጥያቄ አልመጣም!" ብሎ አማረረ። ትንሽ ቆይቶ ግን "'ሂ ሴድ ዛት' መጥቷል። እማማን አስቤ ነው የሠራሁት" አለ።

በእንግሊዝኛ ያ ክፍል ከፈራነው በላይ አመጣ፤ አቶ ጌታነህ በስብሰባ ላይ ራሳቸው ተናገሩት። ሁሉም ግን አላለፈም። ምንተስኖት እንግሊዝኛውን አልፎ በሒሳብ ወደቀና ስምንተኛን ደገመ። አዘንኩ። እሱ ግን መስከረም ላይ ከአዲሶቹ ልጆች ጋር ቁጭ ብሎ አገኘሁት፤ ገና ሳልናገር "ቲቸር፣ ዚስ ዪር ዊ ኒድ ፕላስቲክ" አለኝ። ካርቶኑን በላስቲክ ልንሸፍነው ነው ማለቱ ነው። የሒሳብ መምህሩንም "እርስዎም አንድ ነገር ያሠሩን እንጂ" ብሏቸው ኖሮ ሰውዬው በዚያ ዓመት ክለሳቸውን በሱቅና በሚዛን አደረጉት። ምንተስኖት በሁለተኛው ጊዜ አለፈ።

አቶ ሰይድ ደግሞ ከዚያ በኋላ በሚኒባሱ በተሳፈርኩ ቁጥር የጋቢናውን ቦታ ያስለቅቅልኛል። ሁሉም ተሳፍሮ ሊነሳ ሲል በመስታወቱ ወደ ኋላ ያይና "ሌዲስ ኤንድ ጀንትልሜን!" ይላል። የሚያውቀው እስከዚያ ድረስ ነው፤ የቀረውን በአማርኛ ይጨርሰዋል። ተሳፋሪው ይስቃል፣ ቀበቶውንም ያስራል። ሐያት አሁን መሰናዶ ናት። ምን መሆን እንደምትፈልግ ስጠይቃት በየጊዜው ትለውጠዋለች፤ አባቷም አይጨነቅም።

እኔ ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ወጣት መምህራን እየደወሉ የሚኒባሱን ዕቅድ ስጪን ይሉኛል። እሰጣቸዋለሁ፤ ግን የገራዶ ልጆች የገራዶን ገበያ፣ የሌላውም አገር ልጆች የሚያውቁትን ነገር ቢወስዱ ይሻላል እላቸዋለሁ። ክለሳ ከማዘጋጀታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ልጁ በዚህ ትምህርት ለማን ምን ሊልበት ይችላል? መልሱን ካገኛችሁ ክለሳው ግማሽ ተሠርቷል። ካላገኛችሁት ደግሞ ትምህርቱን ገና አላስተማራችሁም፤ ተመለሱና አስተምሩ።